ከቆዳው ሥር የቀረው ማመልከቻ

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። መርፌ ውስጥ ክር ራሴ እሰካለሁ፤ በመጀመሪያው ባይሆን በሦስተኛው ይገባል። በቀን የሁለት ጥንድ ጫማ ሶል እቀይራለሁ፤ ድሮ ስድስት ነበር። ውሃዬን ከቧንቧው ራሴ እቀዳለሁ፤ ግማሽ ባልዲ፣ ሁለት ጊዜ። ልብሴንም አጥባለሁ፤ የሚያስቸግረኝ መጭመቁ ነው፤ እያንጠባጠበ ይደርቃል። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ፤ መውጣቱን ግን አትጠይቀኝ። ይህን የምዘረዝርልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ከዚህ በታች የማወራህን ያደረገው አእምሮው ያልሳተ፣ ማንም ያልገፋው ሰው መሆኑን እንድታውቅልኝ ነው።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጆቹስ በሰው አገር ምግቡም ቋንቋውም ተስማማቸው? በረዶ እስከ መስኮት ይደርሳል ማለትህን ከሰማሁ ወዲህ፣ ብርድ በነፈሰ ቁጥር የቀኝ እግርህ አውራ ጣት ትዝ ይለኛል። የአባታችን መቀጥቀጫ ብረት ወድቆበት ጠምሞ የቀረው ጣት። ይጠዘጥዝሃል? በሱፍ ጠቅልለው፤ አምባሳደር ነኝ ብለህ በስስ ካልሲ አትዙር። እኔ በጤናዬ በኩል ደህና ነኝ። በሌላው በኩል ደህና ነኝ ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ ውሸቱ ደግሞ እስከ ዛሬ የተናገርኩት ይበቃኛል።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሌ የሦስተኛ ክፍል ነው፤ ለምን ከዚያ እንዳላለፈ ታውቃለህ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ድሮ የሚጽፍልኝ ጡረተኛው አስተማሪ «ምነው ጋሼ፣ ተጣላን እንዴ?» ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ «አልተጣላንም፤ ሂድ» አልኩት። ይህ ነገር በሌላ ሰው እጅ አልፎ እንዲደርስህ አልፈለግሁም። እሑድ የሰፈሩ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ቆሜ እናገረዋለሁ። ደብዳቤው ሳይደርስህ እሑዱ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አውቄ ነው። እንዳትከለክለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። ከሁለት ወር በፊት ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሰው ድምፅ መቅጃ ይዞ መጣ። ላይኛው ሜዳ ላይ የተሠራውን አዲስ ትምህርት ቤት በስምህ ሊሰይሙት ነው፤ ለምርቃቱ የሕይወት ታሪክህ በትንሽ መጽሐፍ ይታተማል። ታላቅ ወንድሙ ነዎትና ይንገሩኝ አለኝ። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። «አባባ፣ ከክቡር አምባሳደሩ ልጅነት ይጀምሩልኝ» አለ። «ክቡር አምባሳደሩን በልጅነቱ አላውቀውም፤ እኔ የማውቀው አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርገውን ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ግን አልጻፈውም።

ነገርኩት። አባታችን ሲሞት አንተ ስምንት ዓመትህ፣ እኔ አሥራ ስድስት እንደነበርኩ። ከሁለታችን አንዳችን ብቻ መማር እንደምንችል፣ እኔም ደብተሬን ለአንተ ሰጥቼ የአባታችን በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ። አንተ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ማስቲሽ እየሸተተህ፣ ከመዶሻዬ በላይ እየጮህክ ትምህርትህን ስታጠና፣ ጫማ ሊያሠራ የመጣው ሁሉ ቆሞ ይሰማህ እንደነበር። የእህል ነጋዴው በመጀመሪያው ምርጫ ሲወዳደርህ ለሰው ሁሉ ስኳር እንዳደለ፣ አንተ ግን የጫማ ሳጥኔ ላይ ወጥተህ «ስኳሩን ቅመሱት፤ ውሃ ግን ከየት ታመጡለታላችሁ?» እንዳልክ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። በዚያች ሳቅ ለምክር ቤት ተመረጥክ።

የመጀመሪያውን ቀን ጫማህን እኔ ነኝ የሰፋሁት። የምክር ቤቱ ደረጃ እብነ በረድ ነው ብለውኝ ሶሉን ድርብ አድርጌ አሻከርኩት፤ የቀኙን አንድ ጣት ያህል አሰፋሁት። በራዲዮ ስትናገር ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተሰበሰብን። ስለ ታችኛው ሰፈር ውሃ ነበር የተናገርከው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በአየር ላይ ይዞ ቀረ፤ ግማሽ ፂሙ የተላጨው ደንበኛም ጆሮውን ወደ ራዲዮው አዞረ። በስምንት ወር ውስጥ ቧንቧው መጣ። ዛሬም የምቀዳው ከእሱ ነው። ይህን ማንም አይነጥቅህም፤ እኔም አልነጥቅህም።

ከዚያስ? ከዚያማ ስድስት ጊዜ ተመረጥክ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጥክ። የመንገድ ኮሚቴ፣ የበጀት ኮሚቴ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ሰብሳቢ። ቴሌቪዥን ሲመጣ አየንህ። ንግግርህ እያጠረ፣ እጅህ እየተነሳ ሄደ። ቀረጻው ሲዞር ሁሌ እጅህ ላይ ነበር። ሰፈሩም «ባለ እጁ» አለህ። ምስኪኗ ባለቤቴ እንኳ ሰሃን እያጠበች «ያ ልጅ እጁን የሚያነሳው ሊጠይቅ ነው ሊስማማ?» ብላ ብትቀልድ ሦስት ቀን አኮረፍኳት። አየህ፣ በአንተ የመጣ ቀልድ አይገባኝም ነበር። ሰው በልጁ እንደሚኮራ እኮ ነው፤ እኛ ልጅ አልወለድን፤ ያለኸኝ አንተ ነበርክ።

የቅዳሜው ነገር ያንተ ሐሳብ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? «ጋሽዬ፣ ሰው እኔ ድረስ መምጣት አይችልም። ማመልከቻውን አንተ ጋ ይተውና ላክልኝ» አልከኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዶሻዬን አስቀምጬ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ባዶ የጫማ ካርቶን ፊቴ አድርጌ እቀመጥ ነበር። መጻፍ የሚችል ይፈርማል፤ የማይችል በጫማ ቀለሜ አውራ ጣቱን ነክሮ ያትማል። ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ወስጄ በአደራ እልካለሁ። ደረሰኙን ግድግዳው ላይ በምስማር እሰካለሁ። ጫማ ሠሪነቴን ረስተው «ጸሐፊው» ይሉኝ ጀመር። እኔ፣ በሦስተኛ ክፍል የቀረሁት! ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

መልስህ መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ በራስህ እጅ ጽሑፍ፣ «ጋሽዬ» ብሎ የሚጀምር። በሦስተኛው ምርጫ በየሁለት ወሩ ሆነ። በአራተኛው በጽሕፈት መኪና የተጻፈ፣ «ክቡር ወንድሜ» የሚል፣ ማኅተም እንጂ አንተ የሌለህበት ወረቀት በዓመት አንድ ጊዜ። ከዚያ እሱም ቀረ። ሰው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አላቆመም። በርጩማው ላይ ይቀመጡና «እሺ ጋሼ፣ ከወንድምህ ምን ተሰማ?» ይሉኛል። «ምንም» የምትለዋን ቃል መናገር አቃተኝ። ለሰው ሁሉ የሚሰማ ወንድም አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ኖሬ፣ ለእኔም አልመለሰልኝም ልበል? አንድ ቅዳሜ፣ ዓይኔን ከሶሉ ሳላነሳ «ተይዟል፤ ጉዳዩ በእጁ ነው» አልኩ። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ተይዟል። የመብራቱ ምሰሶ ተይዟል። የመንገዱ ጥርጊያ ተይዟል። ቃሏ ሰፈሩን አዳረሰች። ፀጉር አስተካካዩን ተራዬ መቼ ነው ካልከው «ተይዟል» ይልሃል። ባለቤቴም ምሳ ስጠይቃት «ተይዟል» ትለኝ ነበር። ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ። የምትስቅበት ውሸት አይከብድም፤ ክፋቱም እሱ ነው።

አሁን ወደ ኮረብታው ልምጣ። ከታችኛው ሰፈር ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ፣ ያን ጊዜ አንተ ገና ምክር ቤት ሳለህ፣ ስንጥቅ ወጣ። ያየው ግንበኛው ነው፤ ቤቱ ከሥሩ ነው፤ ድንጋይና አፈር ደግሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ስንጥቁን በክር ለክቶ፣ ክሩን ከማመልከቻው ጋር አጣጥፎ አመጣልኝ። አንድ ስንዝር ነበር። የድጋፍ ግንብ ይሠራልን የሚል ነው፤ የአርባ አንድ ሰው ጣት ያለበት። ላክሁት። በዓመቱ ሁለት ስንዝር የሆነ ክር ይዞ ሁለተኛውን አመጣ። ላክሁት። ደረሰኞቹ አሁንም ምስማሩ ላይ ናቸው፤ ቀናቸው ሳይደበዝዝ ይነበባል። ሁለቱም ደርሰውሃል ወይስ ጸሐፊህ ጋ ቀሩ? ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ሦስተኛው የመጣው ባለቤቴ ታማ በተኛች ጊዜ ነው። ክሩ አንድ ክንድ አልፎ ነበር። ግንበኛው ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ አልጣለውም፤ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ሁለት ጊዜ ጽፈን ዝም አሉን። እጅዎ ለሌላው ሁሉ ሲነሳ እናያለን። አንድ ቀን ለእኛ ቢነሳ ይሰበራል? ኮረብታው ሲወርድብን ያጨበጭቡ ይሆናል» ይላል። ደሜ ፈላ። «ይህን ቃል ቀይር» አልኩት። «አልቀይርም። አንተ ላከው እንጂ አትዳኘው» አለኝ። እሱም ግትር፣ እኔም ግትር። ወረቀቱን ተቀበልኩት። ሲወጣ ግን ካርቶኑ ውስጥ አላስገባሁትም፤ የመቁረጫ ጣውላዬ ላይ ከተዘረጋው ቆዳ ሥር አስገባሁት። ወንድሜ በወረቀት ተሰድቦ በእኔ እጅ አይላክም አልኩ።

ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከአልጋዋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ያን ሰዓት ከንፈሯን በውሃ የምታረጥብላት ማን ነበረች መሰለህ? የግንበኛው ሚስት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ ማንም ሳይጠራት፣ በየቀኑ እየመጣች ባለቤቴን ያገላበጠች፣ ያጠበች እሷ ናት። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ጠራችኝና «ስድቡ የእሱ ነው፤ ኮረብታው ግን የሁሉም ነው። ላክላቸው» አለችኝ። «አንቺ ተኚ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ደግማ አላነሳችውም። በሦስተኛው ሳምንት አረፈች።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ይብሳል። ሐዘኔ ላይ እንዳለሁ ግንበኛው መጣ። ላይኛው ሜዳ ላይ ለእሱና ለስድስት ጎረቤቶቹ የሚሆን ቦታ አግኝቷል፤ ባለቦታው መልስ ይፈልጋል። «ግንቡ የሚሠራ ከሆነ እኔ በእጄ የገነባሁትን ቤት ለምን እጥላለሁ? ቁርጡን ንገረኝ» አለ። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ወረቀቱ ከክንዴ ሥር፣ ከቆዳው በታች ነው። «ተይዟል» አልኩት። ብቻውን በቂ አልመሰለኝምና ጨመርኩበት፤ «በመጪው በጋ ይጀመራል፤ ቤትህን አትልቀቅ» አልኩ። ከዚያ በፊት ቀን ቆርጬ አላውቅም ነበር። ቦታውን ተወው። ሜዳውን ማዘጋጃ ቤቱ ወሰደው። ያንተ ስም የሚሰቀልበት ትምህርት ቤት የተሠራው እዚያ ላይ ነው።

አንተ በዚያው ሰሞን አምባሳደር ሆነህ ተሾምክ። ሹመትህን ለማክበር ሰፈሩ በተጠራበት ቀን ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ከባዕዱ ፕሬዚዳንት ጋር የተነሳኸውን ፎቶግራፍ ላክህልኝ፤ ሰው ሁሉ ፊትህን ሲያይ እኔ እግርህን አየሁ። ጫማው የእኔ አይደለም፤ በማስቲሽ የተጣበቀ የፋብሪካ ሶል ነው። ክብደትህን በሙሉ በግራ እግርህ ጥለህ ነበር የቆምከው። ጣትህን እያመመህ ፈገግ ብለሃል። ለማንም አልተናገርኩም። በጋው መጣ፤ ግንብ የለም። ሁለተኛው በጋ መጣ፤ ግንብ የለም። ግንበኛው ጠየቀኝ። እኔም አምባሳደር ሆኖ እንኳ አልረሳውም፣ ከባዕድ አገር ገንዘብ እያፈላለገ ነው አልኩት። ውሸት እንደ ቆዳ ነው፤ ሲርስ ይለጠጣል።

ስድስት ሳምንት አለፈው። ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ አምስት ቀን ያላባራ ዝናብ ዘንቦ ነበር። እኔ ተረከዝ እየመታሁ ነው። መጀመሪያ ድምፁን አልሰማሁትም፤ ሣጥኑ ላይ ያሉት ምስማሮች ብቻቸውን ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ከዚያ ጩኸት። አምስት ቤት ወረደ። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር፤ አራቱ ቤት ባዶ ነበሩ። በአምስተኛው ውስጥ የግንበኛው ሚስት ነበረች። ግንበኛው በባዶ እጁ ድንጋዩን ሲቆፍር ደረስኩ፤ ራሱ የደረደረውን ድንጋይ። ነፍሷ ጠዋት ወጥታ ሬሳዋ ከሰዓት ተገኘ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ትወጣ ነበር። ያን ቀን ያልወጣችው ያላት አንድ ጥንድ ጫማ እኔ ጋ ስለነበረ ነው፤ ሰኞ አምጥታ ረቡዕ ውሰጂ ብያታለሁ። ሰው ይህን ቢሰማ በጫማው ራሴን የምወቅስ ይመስለዋል። በጫማው አልወቅስም። የሶል ሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በእሱ ማንንም አላታለልኩም። የምወቅሰው በወረቀቱ ነው።

በቀብሩ ላይ ማን ተረገመ መሰለህ? አንተ። «ሦስት ጊዜ ጻፍንለት፤ ሦስት ጊዜ ተይዟል አለን፤ ደህና አድርጎ ያዘልን!» ይላሉ። እኔ እዚያው መካከላቸው ቆሜያለሁ። አንዲት ሴት ወንበር አመጣችልኝ። «ጋሼ፣ አንተ ምን ታደርግ፤ አንጀትህ ተቃጥሏል» አለችኝ። ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ግንበኛው ራሱ ሱቄ መጣ። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ፣ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጠና «አንተ መልእክተኛ ነህ፤ መልእክተኛ አይከሰስም። ወንድምህ ቢከዳንም አንተ አልከዳኸንም» አለኝ። ጣቶቹ ገና አልዳኑም፤ ጥፍር የላቸውም። ወንድሜ፣ ክርኔ የተደገፈበት ቆዳ ሥር ያ ወረቀት ነበር። አንድ ስንዝር እጄን ብሰድ አወጣው ነበር። አልሰደድኩም። ሻይ ይምጣልህ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው የተተየበውን ይዞ ተመለሰ። አነበበልኝ። በርጩማዬ የለችበትም፤ ስኳሩም የለበትም፤ የውሃው ንግግር በአንድ መስመር አልፏል። ስለ ኮረብታው ግን ሰፊ አድርጎ ጽፏል። «ክቡርነታቸው የሕዝቡ ጥያቄ በደረሳቸው ጊዜ ሁሉ ለሚመለከተው አካል ያቀርቡ ነበር» ይላል። ይህን ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው፣ ከአንተ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ የመጣ ነው አለኝ። ከሥሩም «እኔ ታላቅ ወንድማቸው ምስክር ነኝ» የሚል አለ፤ እዚያ ላይ ልፈርም ነው። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «አባባ፣ ትንሽ ፊርማ ናት» አለኝ። ትንሽ ናት፤ አንድ ቃልም ትንሽ ነበረች። «አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ሰኞ ና» አልኩት። ዓይኔ አልደከመም።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ያንተን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ሳትመልስ ስትቀር፣ እዚህ የሚሰማ፣ የሚይዝ፣ የሚያስብ የሕዝብ እንደራሴ ሠራሁልህ፤ በመዶሻና በአንድ ቃል። ሰው የመረጠው እሱን ነው፤ አንተን አይደለም። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ጊዜ ያስመረጥኩህ እኔ ነኝ። «ምንም አልተሰማም» ብዬ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው በመረጡ፣ ወይም ቤታቸውን ለቀው ሜዳው ላይ በሰፈሩ ነበር። ተስፋ የሌለው ሰው እግር አለው፤ ይሄዳል። እኔ ተስፋ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው።

አንተንም አልምርህም። ሁለቱን ልኬያለሁ። «ደርሶኝ አቅሙ የለኝም» ብለህ አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ፣ እሷን አነብላቸው ነበር። እምቢታ እንኳ መልስ ነው። አንተ ግን ከእብነ በረዱ ደረጃ ላይ ሆነህ ዝምታህን ላክህልኝ፤ እኔም አስጌጬ አደልኩት። ሁለታችንም ነን። ግን ያንተን ለአንተ እተወዋለሁ።

እሑድ እቆማለሁ። ሦስተኛው ማመልከቻ አልተላከም፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ተይዟል ያለው ወንድሜ አይደለም፤ እኔ ነኝ እላለሁ። የሚሆነውን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ በርጩማዬ ላይ የሚቀመጥ አይኖርም። በዚህ ሰፈር ሰባ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ፣ ስሞት ሬሳዬን የሚያነሳ እንደ ውለታ ቆጥሮ ሳይሆን ሽታውን ፈርቶ ይሆናል። ይሁን። ግንበኛው ቢመታኝ ደስ ይለኛል፤ አይመታኝም እንጂ። ዝም ብሎ ያየኛል፤ እኔ የምፈራው እሱን ነው። ትምህርት ቤቱን በስምህ ይሰይሙት አይሰይሙት የእነሱ ፈንታ ነው። እኔ ግን አልፈርምም። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝም አልጠይቅም፤ የሞተችው ይቅር ካላለች፣ የሌላው ይቅርታ ምን ይጠቅመኛል?

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ወገቧን በጠፍጣፋ ጫማ ታሳርፈው፤ ተረከዝ ነው የሚገድላት። ትልቁን ልጅህን ሳምልኝ፤ ድምፁ አንተን ይመስላል አሉ፤ እንግዲያውስ ሳይዘጋ ይናገርበት። ለሴቷ ልጅህ በልጅነቷ የሰፋሁላት ቀይ ጫማ ካለች አትጣላት፤ ክሩ በእጅ ነው። ለትንሹ፣ ላላየኝ፣ ሽማግሌ አጎት አለህ በለው፤ የቀረውን ሲያድግ ንገረው፤ አሳምረህ አትንገረው። ጡረተኛው አስተማሪ ሰላም ብሎሃል፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን ሰላም አላለህም።

አሁን ላብቃ። ማንም እንዲከፍልልኝ የማልፈልገው፣ በእግሬ ሄጄ የምጨርሰው ዕዳ አለብኝ። ለግንበኛው፦ ወረቀቱንና አንድ ክንድ ያለፈውን ክር፣ ከስብሰባው በፊት፣ በእጁ። ለሰፈሩ፦ አንድ ቃል፣ ቆሜ፣ ያለ ምርኩዝ። ለማዘጋጃ ቤቱ ሰው፦ እኔ ጋ የቀረውን እስክሪብቶውን፣ ሳልፈርምበት፣ ሰኞ። ለእሷ፦ ጫማዋን። የሶሉ ሥራ አልቋል፤ ተረከዙን መትቼዋለሁ፤ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ወስጄ መቃብሯ ላይ አላኖርም፣ ሰው ይሰርቀዋል፤ እግሯ እግሯን ለሚመስል፣ ለእህቷ እሰጣለሁ። ለባለቤቴ፦ «ላክላቸው» ያለችኝን። እሱን ስንገናኝ እነግራታለሁ፤ ሩቅ አይደለም። ለአንተ አንድ ጥንድ ጫማ ጀምሬያለሁ፤ የቀኙ ለጣትህ ቦታ አለው፤ ከእሑድ በኋላም እጄ ከሠራልኝ እልክልሃለሁ። የሁለቱን ደረሰኞች ዕዳ ግን አልነካም። እሱ ያንተ ነው፤ ምስማሩ ላይ ትቼልሃለሁ።

ታላቅ ወንድምህ

ከአባታችን ጫማ ቤት፣ ከመቁረጫው ጣውላ ላይ
ዓርብ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን